የአውቶሞቢል ማሞቂያ ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ ሲነፍስ ምን ማድረግ ይገባል

ክረምቱ አልፎ፥ የመስከረም አበባ ረግፎ፥ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ የደጋው ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ሜዳ ማለዳ ውርጭ ወርዶ ሣሩን ነጭ አድርጎት ይታያል። በዚህ ወራት ቤተ ሰቡን በአውቶሞቢል ይዞ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚነሣ ሰው የመኪናውን ማሞቂያ ይከፍታል፤ ነገር ግን ሩብ ሰዓት ከተጓዘ በኋላም የሚወጣው ነፋስ እንደ ውጪው ነፋስ የቀዘቀዘ ሆኖ ያገኘዋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ጋቢ ደርቡ» ብሎ ለልጆቹ ይነግርና ነገሩን ንቆ መንገዱን ይቀጥላል።

ይህ ንቀት ግን ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛው፥ ማሞቂያ ሰውን ለማሞቅ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የፊት መስታወቱንም የሚያደርቅ እርሱ ነው። አራትና አምስት ሰው የሚተነፍስበት የተዘጋ መኪና መስታወቱ በእንፋሎት ወዲያው ይሸፈናል። ጉም በማይለየው በጣርማ በር መንገድ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፥ በአንድ በኩል ገደል በሌላው በኩል ከባድ መኪና ሲመጣ፥ በእጅ እየጠረጉ መንዳት ምን ዓይነት አደጋ እንደ ሆነ አስተዋይ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው፥ የማሞቂያው መቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ነው። ምልክቱን በጊዜው ያነበበ ሰው በጥቂት ውሃና በአንድ የጎማ ቱቦ ይገላገላል፤ ያላነበበ ግን ሞተሩን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ጎናቸው ክፍት ስለ ነበረ የተሳፋሪው ማሞቂያ ካባውና በርኖሱ ነበረ። በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ የተሻሻለው ቀስ በቀስ ነው። ማርጋሬት ዊልኮክስ የተባለች የቺካጎ ሴት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. የሠረገላ ማሞቂያ ንድፍ አውጥታ የፈጣሪነት መብት ተሰጥቷታል። በኋላም በ1930ዎቹ ዓመታት፥ ዛሬ በአብዛኛው የቤንዚንና የናፍታ መኪና ውስጥ የምናገኘው በሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚሠራው ማሞቂያ እየተለመደ ሄደ።

የአሠራሩ ነገር ከተስተዋለ አስቸጋሪ አይደለም። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ለመንኰራኵሩ የሚተርፈው ኃይል በግምት ከሦስት አንዱ ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ገሚሱ በጭስ መውጫው፥ ገሚሱም ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ውሃ በኩል ይወጣል። ይህ ውሃ በፖምፓ እየተገፋ በሞተሩ ውስጥ ይዞርና ሙቀቱን በራዲያተሩ በኩል ለነፋስ ይሰጣል። ከዚህ ሙቅ ውሃ ጥቂቱ በሁለት የጎማ ቱቦዎች ተከፍሎ ከተሳፋሪው እግር ፊት ወደ ተሰወረች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል። በእርሷ ላይ ቬንትሌተር ነፋስ ሲነፋባት ነፋሱ ሞቆ ወደ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ማሞቂያ እንዲሠራ አራት ነገሮች ይፈለጋሉ፤ የሞቀ ሞተር፥ የሞላ ውሃ፥ ያልተዘጋ ቱቦ፥ ነፋሱን ወደ ትንሿ ራዲያተር የሚመራ መዝጊያ። ብልሽቱ ከእነዚህ ባንዱ ውስጥ ስለሚገኝ፥ ፈላጊው ከቀላሉና ከርካሹ ጀምሮ በተራ ቢመረምር ሳይደክም ያገኘዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ፥ ነፋሱ በኃይል እየወጣ ነው የሚቀዘቅዘው ወይስ ጭራሽ አይወጣም? የሚል ነው። ነፋስ ከሌለ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ፊውዙ ተቃጥሎ፥ የቬንትሌተሩ ሞተር ቆሞ፥ ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። በአቧራማ መንገድ የሚሄድ መኪና ማጣሪያው ቶሎ ስለሚደፈን እርሱን አውጥቶ ማየት ተገቢ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ሲለወጥም በልኩ እንጂ ከልኩ በሚበልጥ መተካት አይገባም፤ ሽቦው ግሎ መኪናው በእሳት ሊያያዝ ይችላልና። ነፋሱ በኃይል እየወጣ የቀዘቀዘ ከሆነ ግን የጐደለው ሙቀት ነው፤ ምርመራውም ወደ ሞተሩ ያልፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚጠየቀው ከመሪው ፊት ያለውን የሙቀት መለኪያ ነው። ሞተር በብርድ ከተነሣ በኋላ እስኪሞቅ ድረስ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሩብ ሰዓት ተነድቶ የመለኪያው ቀስት ከታች ካልተነሣ፥ ሞተሩ አልሞቀም ማለት ነው። የዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታት የሚባለው ትንሽ በር ክፍት ሆኖ መቅረቱ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሲደርስ ይከፈታል። ክፍት ሆኖ ከቀረ ውሃው ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ማሞቂያውም አይሞቅም፤ ነዳጅም ከልክ በላይ ይበላል።

በዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ። አንዳንድ ሠራተኞች መኪና ሲግል «አገራችን በረዶ የለባትም» ብለው ቴርሞስታቱን ነቅለው ይጥሉታል። ባለቤቱም የግለቱ ነገር የተፈወሰ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል፤ በታኅሣሥ ሌሊት ማሞቂያው ሲቀዘቅዝ ግን ምክንያቱን አያውቅም። ሞተር በተወሰነለት ሙቀት ካልሠራ ዘይቱ በሚገባ አይቀጥንለትም፥ ቤንዚኑም በሚገባ አይቃጠልለትም። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው «ቴርሞስታቱ በቦታው አለን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፤ ዋጋውም ከመላው መኪና ዕቃ ከርካሾቹ አንዱ ነው።

የመለኪያው ቀስት ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ቀዩ ቀርቦ ሳለ ማሞቂያው የሚነፍሰው ብርድ ከሆነ ግን ነገሩ እጅግ አስቸኳይ ነው። ይህ ማለት ውሃው ጐድሏል፥ ወይም ፖምፓው አይገፋም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ልጨምር ማለት አይገባም፤ መኪናውን ደኅና ቦታ አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። የመኪናውን ሞተር ያዳነና ያጠፋ ሰው የሚለየው በዚህች ሰዓት በወሰነው ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ምርመራ የውሃው መጠን ነው። ይህ የሚታየው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፥ ይልቁንም በማለዳ፥ ሳይነሣ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ቢከፈት በውስጡ ታምቆ የነበረው የፈላ ውሃ ተወርውሮ ፊትንና እጅን ይልጣል። ልጆች በዙሪያው ቆመው ሳሉ ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ውሃው ጐድሎ ከተገኘ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ ወዴት እንደ ሄደ መፈለግ ያስፈልጋል። ያልፈሰሰና ያልተነነ ውሃ አይጐድልምና።

በዚህ ነገር ለደጋ ነዋሪ የተለየ ማስታወሻ አለ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ በ92 ዲግሪ ገደማ፥ በደብረ ብርሃን ደግሞ በ90 ዲግሪ ያህል ይፈላል። ይህ ሞተሩ ዘወትር ከሚሠራበት ሙቀት ጋር እኩል ወይም ከእርሱ በታች ነው። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ ስለሚይዘው ብቻ ነው፤ ክዳኑ ደኅና ከሆነ በአዲስ አበባም ቢሆን እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ውሃው በዳገት ላይ ፈልቶ በእንፋሎት ይወጣል፤ ማንም ሲፈስ አላየውም፥ ውሃው ግን ጐድሏል። ማሞቂያውም ከመንገዱ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ከሁሉ ቀድሞ ውሃ የሚያጣው እርሱ ነው። ውሃው እየጐደለ ለሚያስቸግረው የደጋ ሰው፥ ትልቁን ነገር ከማስፈታት በፊት ይህን ትንሽ ክዳን መለወጥ ጥበብ ነው።

ውሃው ከተሞላም በኋላ ማሞቂያው ላይሞቅ ይችላል፤ በቱቦው ውስጥ አየር ተይዞ ይሆናልና። የአየር አረፋ ወደ ከፍታ ስለሚወጣ በትንሿ ራዲያተር ውስጥ ተቀምጦ ሙቁ ውሃ እንዳያልፍ ይከለክላል። ምልክቱ፥ ነዳጅ ሲሰጡት ነፋሱ ሞቅ ይላል፥ መኪናው ሲቆም ይቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ከተሳፋሪው እግር ፊት እንደ ምንጭ የሚንኰራኰር ድምፅ ይሰማል። አረፋውን ለማስወጣት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት እንዲያይ ማቆም፥ ክዳኑን መክፈት፥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቀት ማዞር፥ ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ በዝግታ እንዲሠራ መተው ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት አረፋው ይወጣል፥ ውሃውም ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ጨምሮ መሙላትና ክዳኑን መግጠም ነው። በአንዳንድ መኪና ለዚሁ የተሠራ ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን አለ።

አራተኛው ምርመራ ከሁሉ የሚያስተምረው ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማሞቂያው በሙሉ ተከፍቶ ሳለ ኮፈኑ ይነሣና ከሞተሩ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገቡት ሁለቱ የጎማ ቱቦዎች በጥንቃቄ ይዳሰሳሉ። የነጠላና የክራባት ጫፍ፥ የልብስ እጅጌም፥ በቺንጊያና በቬንትሌተር እንዳይያዝ ሞተሩን ማጥፋት ይሻላል፤ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ያለበት መኪና ግን ጠፍቶም በድንገት ሊነሣ ይችላልና ከእርሱ መራቅ ነው። ሁለቱም ቱቦዎች እኩል ሙቅ ከሆኑ ውሃው በሚገባ ይዞራል፤ ጥፋቱ በነፋሱ መዝጊያ ነው። አንዱ ሙቅ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች፥ ወይም በቱቦው ላይ ያለው የውሃ መዝጊያ አልተከፈተም። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ግን ወይ ውሃ የለም፥ ወይ አየር ይዞታል፥ ወይ ፖምፓው ደክሟል። በእጅ መዳሰስ ብቻ ይህን ሁሉ ስለሚለይ፥ ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ይህን ያደረገ ሰው ለሠራተኛው የሚነግረው ቁም ነገር ይኖረዋል።

ስለ መደፈን ስንናገር፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የምንሞላው ውሃ ነው። በመንገድ ዳር ካለ ጅረት የተቀዳ ውሃ ጭቃና ጨው ይዞ ይገባል፤ ብረቱንም ያዝጋል። ያም ሁሉ በትንሿ ራዲያተር ጠባብ ቧንቧዎች ውስጥ ይቀመጣል። የሚያፈስ ራዲያተር እንዲደፍን እየተባለ በዱቄትና በፈሳሽ የሚሸጠው መድኃኒትም አለመጠን ሲጨመር ማሞቂያውን አብሮ ይደፍናል። የተደፈነችው ሁለቱ ቱቦዎች ተፈትተው በዝግታ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ከመውጫዋ ወደ መግቢያዋ ስትታጠብ ብዙ ጊዜ ትከፈታለች። የውሃው ግፊት ግን የበረታ መሆን የለበትም፤ ያረጀ ቧንቧ ይፈነዳልና።

ትንሿ ራዲያተር ተበስታ ከሆነ ሦስት ምልክት አላት፤ በውስጥ የሚሸት ጣፋጭ ሽታ፥ ከተሳፋሪው እግር ሥር የረጠበ ምንጣፍ፥ በመስታወቱም ላይ ቢጠርጉት የማይለቅ ቅባት ያለው እንፋሎት። በዚህ ጊዜ ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አጋጥሞ ማሞቂያውን ለጊዜው ከሥራ ማውጣት ይቻላል፤ መኪናውም ይሄዳል፤ ዳሩ ግን መስታወት የሚያደርቅ ነገር ስለማይኖር በጉም መንገድ መሄድ አይገባም። ውሃው በየቀኑ እየጐደለ የትም ሲፈስ ካልታየ፥ ከጭስ መውጫውም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነጭ ጭስ ካልጠፋ፥ ወይም ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ፥ በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል። ይህ ለብልህ ሠራተኛ እንጂ ለቤት ሰው የሚተው ሥራ አይደለም።

የነፋሱ መዝጊያ ጥፋት ግን ቀላል ነው። በቀድሞዎቹ መኪናዎች መዝጊያውን የሚስበው ሽቦ ከቦታው ወልቆ ይገኛል፤ በአዳዲሶቹ ደግሞ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያንቀሳቅሰዋል። ማዞሪያውን ከብርድ ወደ ሙቀት ሲያዞሩ የሚቋቋም ነገር ከሌለ፥ ወይም ከውስጥ ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ከተሰማ፥ ጥፋቱ ከዚያ ነው።

ከዚህ አሠራር የሚለዩ ሁለት ዓይነት መኪናዎች አሉ። አንደኛው በአዲስ አበባ መንገዶች ብዙ ዘመን ያገለገለው ጥንታዊው ቮልስዋገን ነው። የእርሱ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለ ሆነ ውሃ የለውም፤ ማሞቂያውም ሙቀቱን የሚወስደው በጭስ መውጫ ቧንቧዎች ዙሪያ ካለፈ አየር ነው። እንግዲህ ቢቀዘቅዝ የሚታየው በወለሉ በኩል የሚያልፈው ሽቦና የአየር ቱቦው ነው። የጭሱ ቧንቧ በዝገት ከተበሳ ግን መርዘኛ ጭስ ከሙቀቱ ጋር ወደ ልጆቹ ይገባልና፥ የጭስ ሽታ የሸተተበት ቮልስዋገን ሳይታደስ ማሞቂያው መከፈት የለበትም።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ይህ ዓይነት በየቤቱ እየተለመደ ሄዷል። ይህ መኪና ለማሞቂያ የሚበቃ የሞተር ሙቀት ስለሌለው ነፋሱን የሚያሞቀው ከባትሪው በሚወስደው ኃይል ነው፤ ስለዚህም በብርድ ጊዜ የሚጓዝበት ርቀት ያጥራል። ነፋሱ ቢቀዘቅዝ መጀመሪያ ኃይል የሚቆጥበው ትእዛዝ ተከፍቶ እንደ ሆነ ማየት ነው። ብርቱካን ቀለም የተቀቡትን ወፍራም ሽቦዎች ግን ማንም የቤት ሰው መንካት የለበትም፤ የሚገድል ኃይል አለባቸውና።

በሰሜን አሜሪካ፥ ይልቁንም በሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም የሚወርድበትን ሌሊት ያውቁታል። በዚያ አገር በራዲያተር ውስጥ ተራ ውሃ ቢገባ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ግማሽ ውሃ ግማሽ አንቱፍሪዝ ይደባለቃል፤ እንዲህ የተደባለቀው እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። ንጹሑን አንቱፍሪዝ ብቻ መሙላት የሚሻል የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ብቻውን ሲሆን በ13 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ይረጋል። ውሁዱ ዝገትንም ስለሚከላከል በአገር ቤትም ይጠቅማል። ብቻ ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ ልጅና ውሻ ከማይደርሱበት ማስቀመጥ፥ የፈሰሰውንም ወዲያው ማጠብ የቤት እመቤት ሁሉ ልታስበው የሚገባ ነገር ነው።

የሚከተለውን ደግሞ በብርቱ እናሳስባለን። ማሞቂያ ጠፋ ብሎ በመኪና ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስቀመጥ ሞትን መጋበዝ ነው። ከከሰልም ከሞተርም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ አየር አይታይም፥ አይሸትም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እንዲሁም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ማሞቅ፥ በረዶ ባለበት አገርም የጭስ መውጫው በበረዶ ተደፍኖ ሳለ ውስጥ መቀመጥ አይገባም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በተሳፋሪዎቹ ላይ ባንድ ጊዜ ከታየ መስኮቱን ከፍቶ መውጣት፥ ከዚያም ሐኪም ማየት ነው።

በመንገድ ላይ ሳሉ ማሞቂያው ቢቀዘቅዝ፥ የሙቀቱ መለኪያ ደኅና ቦታ ላይ እስካለ ድረስ መስኮቶቹን ጥቂት ዝቅ ማድረግ፥ የውጪውን አየር ማስገቢያ መክፈት፥ የማቀዝቀዣው መሣሪያ ካለም መክፈት መስታወቱን ያደርቃል፤ እርሱ እርጥበትን ከአየር ይመጣልና። ብርዱ ይጨምራል፥ እይታው ግን ይጠራል፤ ለብርዱ ጋቢ አለ፥ ለማየት ግን ምትክ የለውም። መስታወቱ በዚህም ካልጠራ ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ ሌሊቱን ከመግፋት በቀረበው ከተማ አድሮ ፀሐይ ስትወጣ መሄድ የአስተዋይ ሰው ምርጫ ነው።

በመጨረሻም ሹፌር ያለው ባለ ሥልጣን «ይህ የሹፌሩ ጉዳይ ነው» ብሎ መተው የለበትም። በመኪናው የሚጓዙት ልጆቹና ባለቤቱ ናቸውና። የኅዳር ብርድ ሳይገባ ውሃውን፥ ክዳኑን፥ ቱቦዎቹንና ቺንጊያውን በማለዳ አንድ ሰዓት ሰጥቶ ከሹፌሩ ጋራ መመልከት ለማንም አያሳፍርም። ወደ ጋራዥ የሄደ እንደ ሆነም «ማሞቂያው አይሠራም» ብቻ ብሎ ከመናገር «ነፋሱ ይወጣል፥ መለኪያው መካከል ላይ ነው፥ አንደኛው ቱቦ ሙቅ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቢያስረዳ፥ ሠራተኛው ያለ አገባብ የሚፈታው ዕቃ አይኖርም፤ ባለቤቱም ገንዘቡን ያለ አገባብ አይከፍልም።